የጣና ዳር አርሶ አደር ቤት ታሪክና አሠራር

ስለ ጣና አካባቢ ጥንታዊ ሕንፃዎች ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ቤተ መንግሥቶችና ገዳማት ናቸው። በእንፍራዝ አጠገብ ከፍታ ላይ ሆኖ ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 በነገሡት በዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ይነገራል። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ በመሆኑ ዘመናትን ተሻግሯል። ቤተ መንግሥቱን በግብሩ የቀለበው አርሶ አደር ቤት ግን ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የሚሠራ ስለሆነ በየጊዜው ካልታደሰ አይቆይም። ዕውቀቱም ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው በሥራ ላይ ነው።

ቤቱ ሲሠራ በመጀመሪያ መሬቱ ላይ ችካል ተተክሎ በገመድ ክብ ይሠመራል። በክቡ ዙሪያ ቋሚ ይተከልና በማገር ይታሠራል። መካከሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ የጣሪያው እንጨቶችም ከግድግዳው ተነስተው በምሰሶው አናት ይገናኛሉ። ግድግዳው የሚመረገው ከጤፍ ጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ሲሆን፣ ጭዱ ምርጉ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። የሣር ክዳኑ ሾጣጣ መሆኑ የክረምቱን ዝናብ ቶሎ ያወርዳል። የምድጃው ጭስም በክዳኑ ውስጥ ሲያልፍ ሣሩን ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል። በውስጥ መደብና የእህል ጎታ፣ በደጅ ደግሞ ጎተራ ይገኛል። በዘጌ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ክብ አሠራርም ከዚሁ ጎጆ ጋር ይዛመዳል።

እንዲህ ያለው ቤት በአንድ ሰው ጉልበት አይቆምም። ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ገሚሱ ጭቃ ይረግጣል፣ ገሚሱ ይማግራል፤ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፤ በተራውም ለሌላው ይሄዳል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ከመደራጀታቸው በፊት የመተጋገዝ ልምድ በዚህ መልክ ሲሠራበት ኖሯል።

ከጊዜ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1978 ዓ.ም. በስፋት የተጀመረው የመንደር ምሥረታ በየአገሩ ብዙ ነባር ቤቶችን አስፈርሷል። የግጦሽ መሬት እየታረሰ በሄደ መጠን የክዳን ሣር ጠፋ፤ የወይራና የጥድ ቋሚ በባሕር ዛፍ ተተካ። ቆርቆሮም ከእሳት አደጋና ሣር ከመለወጥ ድካም ስላሳረፈ አርሶ አደሩ ቢመርጠው አይፈረድበትም።

ሆኖም ሙያውን የሚያውቁት አረጋውያን እያለፉ ነው። እነርሱ በሕይወት ሳሉ ወጣቶች በደቦ ተሰባስበው በየማኅበሩ ቅጥር ግቢ አንድ አንድ ቤት ቢያሠሩ ዕውቀቱ ከነስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።