ፈረንሳይኛ በኢትዮጵያ፦ ከቤተ መንግሥት ደጅ እስከ አራተኛ ዓመት ክፍል



ይህን ንግግር እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ፣ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ከብዙ ዓመታት በፊት ያነሣብኝ ጥያቄ ነው። የመልመጃ ወረቀቱን እያስረከበኝ፣ «መምህር፣ የሚያስተምሩን ሁሉ የፓሪስ ነው፤ ይህ ቋንቋ በእኛ አገር ምን ታሪክ አለው?» አለኝ። በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ አጭርና ስንፍና ያለበት ነበር። የዛሬው ንግግሬ ያንን መልስ ለማረም የማደርገው ሙከራ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

ፈረንሳይኛ ወደ አገራችን የገባው በፍቅር ሳይሆን በችግር ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያ በሦስት ኃያላን መንግሥታት ግዛቶች ተከብባ ነበር። ወደ ባሕር የሚያወጣት ዋነኛ በር ጅቡቲ ሆነ፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ውል፣ የጭነት ደረሰኝ፣ የጣቢያው ደብዳቤ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። በዚያን ጊዜ የመንግሥታት መልእክት መጻጻፊያ ቋንቋም እርሱው ነበር። ኢትዮጵያ በ1908 አባል የሆነችበት የዓለም የፖስታ ኅብረት እንኳ መደበኛ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው።

በዚያው በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ የመጡት ከግብፅ ኮፕቶች ዘንድ ነበር፤ ይህም ዘመናዊው ትምህርት ሃይማኖትን ያናውጣል ብለው የሰጉትን ካህናት ለማረጋጋት የተመረጠ ብልሃት ነው። ሆኖም ከእነዚህ የእስክንድርያ መንበር ልጆች አንደበት የሚወጣው የዘመናዊ ትምህርት ቋንቋ በዋነኛነት ፈረንሳይኛ ነበር። በ1925 የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ለዚሁ ቋንቋ ሰፊ ስፍራ ሰጠ። በ1932 የኢትዮጵያ ባንክ ያወጣቸው የብር ኖቶች በአማርኛና በፈረንሳይኛ የታተሙ ናቸው።

የዚያ ዘመን አሻራ ዛሬም በአፋችን ላይ አለ። ለገሃር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ከባቡር ጣቢያው ነው። የጦር ኃይሉን አዛዥ ኤታማዦር ሹም ስንል ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እንናገራለን። ቢሮና ሹፌርም የዚያው ወገን ናቸው።

ከ1941 በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የኢጣሊያ ወረራ የተማረውን ትውልድ ፈጅቶ ነበር፤ ነጻነት ሲመለስም እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1950 የተመሠረተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ፤ ኮሌጁ ግን ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 ቢከፈትም፣ ፈረንሳይኛ ከእንግዲህ የአገሪቱ የትምህርት ቋንቋ ሳይሆን የአንድ ትምህርት ቤትና የአንድ የትምህርት ክፍል ቋንቋ ሆነ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። እንዲያውም እጅግ ክብደት ያለው ምዕራፍ የተጻፈው ቋንቋው ከክፍል ከወጣ በኋላ ነው። በ1957 የታወጀውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ በ1960 የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀምረውት አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። ሦስቱም ረቂቆች የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። በሕግ የጸናው አማርኛው ነው፤ በሕግ ትምህርት ቤት የሚነበበው በአብዛኛው እንግሊዝኛው ነው፤ ሁለቱም የተቀዱበት ምንጭ ግን ሦስተኛው ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው አልስማማ ሲሉ ነገሩን የሚመረምር ሰው ሄዶ ሄዶ የሚቆመው ከፈረንሳይኛው ረቂቅ ፊት ነው። የ3367 አንቀጾች ምንጭ የሆነውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ስንት ሰው አለን? ለተማሪዬ በዚያን ቀን ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ይህንን ነበር።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንድ ሰው ያረጀ የፈረንሳይኛ የኪራይ ውል እንድተረጉምለት አመጣልኝ። ከአንቀጾቹ በአንዱ ላይ «አ ሟን ከ» የሚለው ሐረግ ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ፣ ከግሡ አስቀድሞ፣ «ነ» የምትል ትንሽ ቃል ገብታለች። እኔም ለእያንዳንዱ ቃል አንድ አቻ ፈልጌ፣ «ከተዋዋዮቹ አንዱ ውሉን የማያፈርስ ካልሆነ በቀር ውሉ ለአንድ ዓመት ይታደሳል» ብዬ ጻፍሁ። ትርጉሙን የተመለከቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ቃሉን ሁሉ ተርጉመሃል፤ ውሉን ግን ገልብጠኸዋል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ስፍራ የምትገባው «ነ» አፍራሽ አይደለችም፤ ሰዋስዋውያን ጌጠኛ የሚሏት፣ ከአሉታ ኃይሏ የተራቈተች ቃል ናት። ትክክለኛው ትርጉም «አንዱ ወገን ውሉን ካላፈረሰ በቀር ይታደሳል» የሚል ነው። እኔ ግን አንዱን አሉታ ሁለት ጊዜ ቈጥሬ የተከራዩን መብት ለአከራዩ፣ የአከራዩን ለተከራዩ አሳልፌ ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት በክፍል ሳነሣ የምጀምረው ከፈረንሳይኛው ሳይሆን ከአማርኛው ነው። «ካልመጣ አልሄድም» እና «ካልመጣ በቀር አልሄድም» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። «በቀር» ማግለያ ነው፤ «ካልመጣ» ውስጥም አሉታ አለ። በሒሳብ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ይገለብጠው ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ግን እንዲህ ብሎ አይቈጥርም፤ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ተማሪው በገዛ ቋንቋው ውስጥ ያለውን ይህን ነገር ካስተዋለ በኋላ የፈረንሳይኛዋ «ነ» አታስደነግጠውም። ለከፍተኛ ክፍል ሰዋስው ማስተማር ለእኔ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ተማሪው ሳያውቀው የሚያውቀውን ነገር እንዲያውቀው ማድረግ።

ለታሪክ ተማሪዎችም ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ዐፄ ምኒልክ ለዓመታት ታመው በታኅሣሥ 1913 አርፈዋል፤ ዕረፍታቸውም ለሕዝብ ተሰውሮ ቈይቷል። በእንዲህ ያለ የወሬ ዘመን የሚጻፍን የአውሮፓ ቆንስል ደብዳቤ አስቡ። ፈረንሳይኛ ጸሐፊው ራሱ ላላረጋገጠው ወሬ የሚገለገልበት የግሥ መልክ አለው፤ ይኸውም በሰዋስው መጽሐፍ «ኮንዲሲዮኔል» ተብሎ የምናስተምረው ነው። ተማሪው ይህን መልክ «ቢሆን ኖሮ» በሚለው ብቻ ከተማረው ደብዳቤውን ትርጉም የለሽ ያደርገዋል፤ ልዩነቱን ቸል ካለው ደግሞ «ንጉሡ ሞተዋል» ብሎ ይጽፋል። የደብዳቤው ቃል ግን «ሞተዋል አሉ» ነው። «አሉ» የምትለዋ ትንሽ ቃል በወሬና በማስረጃ መካከል ያለች ድንበር ናት። ይህችን ድንበር የማያይ የታሪክ ተመራማሪ ሐሜትን ታሪክ አድርጎ ያስተላልፋል።

ባህልንም ከሰዋስው ለይቶ በበዓል ቀን ብቻ እንደሚወጣ ልብስ ማስተማር አይቻልም። የፈረንሳይ ሕግ የጥንቃቄን ልክ «በመልካም የቤተሰብ አባት» ይመዝን ነበር። ሐረጉ ከሮማውያን የተወረሰ ነው፤ ቃሎቹን አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይረዳቸዋል። ነገር ግን ይህ አባት በቤቱ ላይ ምን ሥልጣን እንደነበረው፣ ፈረንሳውያንም በ2014 ሐረጉን ከሕጋቸው ለምን እንዳወጡት ያልጠየቀ ተማሪ ቃሉን እንጂ ነገሩን አላነበበም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ፣ «ሕጎቹ እየተለወጡ ናቸው፤ ታዲያ ለምን እንደክማለን?» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ የቤተሰብ ሕጉ በ2000፣ የወንጀል ሕጉ በ2004፣ የንግድ ሕጉ በ2021 በአዲስ ተተክተዋል። የውል፣ የውርስና ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት ሕጋችን ግን ዛሬም የ1960ው ነው። የተሻረውም ቢሆን ከታሪክ አይሻርም።

ሌላም የሚቈጨኝ ነገር አለ። አንቷን ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1881 በፓሪስ አሳተመ። ማርሴል ኮኸን ስለ አማርኛ የጻፈው ታላቅ የሰዋስው መጽሐፍ በ1936፣ ማለትም አገራችን በጠላት በተያዘችበት ዓመት ወጣ። እነርሱ የእኛን ቋንቋ እስከ ቅንጣቱ ድረስ መርምረው ጻፉልን። ስለ ራሳችን የተጻፈውን ይህን ሥራ ለማንበብ ግን ዛሬም አስተርጓሚ እንፈልጋለን።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በአራተኛ ዓመት ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ከሕግ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ይሁን፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ምዕራፍ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ተዘርግቶ፣ ቃል በቃል ሳይሆን ነገር በነገር ይመርመር። የሕግ ተማሪው ነገሩን ያውቃል፤ የእኛ ተማሪ ግሡን ያውቃል። ሁለቱም ለብቻቸው ይሳሳታሉ፤ እኔም የተሳሳትሁት ለብቻዬ ሆኜ ነው።

ያ ተማሪ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የለም። ቢኖር ኖሮ የምለው ይህ ነው፦ የፓሪሱን እንድታነብ ያስተማርሁህ፣ ያገርህን ፋይል ስትከፍት እንዳትገለብጠው ነበር፤ ይህን ግን ያን ጊዜ ልነግርህ አላወቅሁም።