ጋምቤላ፤ በባሮ ዳር የተከራየው ገበያ

ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርደው የባሮ ወንዝ ከሌሎቹ የኢትዮጵያ ታላላቅ ወንዞች የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም መርከብ የሚያስኬድ መሆኑ ነው። ዐባይና ተከዜ በጥልቅ ገደል መካከል እየተወረወሩ ስለሚሄዱ ለነጋዴ መሻገሪያቸው እንኳ ጭንቅ ነው። ባሮ ግን ጋምቤላ ሲደርስ በሜዳ ላይ ተንጣሎ ወደ ሶባት፣ ከዚያም ወደ ነጭ ዐባይ ይገባል። ስለዚህ ከካርቱም የተነሣ የእንፋሎት መርከብ በክረምት ውሃ እስከ ደጋው ግርጌ ድረስ ለመውጣት ይችል ነበር።

ዳግማዊ ዐጤ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ስለ ሱዳን ወሰን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል አራተኛ ክፍል፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። መሬቱ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በአገር ልክ ዐሥር ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ሆነ። ቦታው ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውልም በግልጽ ተከለከለ። ንጉሠ ነገሥቱ ገበያ ሲያከራዩ ግዛት እንዳይሸጡ ምን ያህል እንደ ተጠነቀቁ ከዚህ ቃል ይታያል። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ከኢታንግ ወደ ላይ በጋምቤላ ነው።

ፈቃዱ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ቆየ። የጎሬና የሳዮ ቡና በዚያ በኩል ወደ ባሕር ይውጣ ቢባል አገሩን ሁሉ በበቅሎ ጀርባ ማቋረጥ ነበረበት። ወደ ጋምቤላ ግን የጥቂት ቀን ቁልቁለት ብቻ ነው። ቡና፣ ሰምና ቆዳ ወረደ፤ ጨውና አቡጀዲ ወጣ። የገዢ መቀመጫ የነበረችው ጎሬም የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ የሚከፍቱባት፣ የእንግሊዝ ቆንስል የሚቀመጥባት ከተማ ሆነች።

ነገር ግን የዚህ ንግድ ጌታ ነጋዴው ሳይሆን ወንዙ ነበር። መርከብ የሚመላለሰው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የዓመቱ ሥራ በዝናብና በጭቃ ወራት መፈጸም ነበረበት። የመጨረሻው መርከብ ያመለጠው ሰው ቡናውን በጎተራ ዘግቶ፣ ዕዳውን ተሸክሞ የሚመጣውን ክረምት ይጠብቃል። የቆላው ወባም ከደጋ የወረደውን ጫኝና ተሸካሚ ይጥለው ነበር። ከካርቱም ሆኖ ካርታ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ አይታየውም።

በባሮ ዳር ለሚኖሩት ለአኙዋክና ለኑዌር ገበያው ሌላ መልክ ነበረው። ያው ውል የሁለቱን መንግሥታት ወሰን በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ ስላደረገው፣ አንድ ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ወንዝ ለካርታ ሠሪ መልካም መለያ ነው፤ ከብቱን ይዞ ውሃና ሣር ለሚከተል ኑዌር ግን መገናኛው ነው። የአኙዋክ ሹማምንትም የዝሆን ጥርስ እየሰጡ ከደጋው ነጋዴ ጠመንጃ ገዙ። በ1904 ዓ.ም. ሊያስገብራቸው የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በአዶንጋ ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። ለቡናና ለጨው የተከፈተው በር ማን ምን ይዞ እንደሚገባበት አስቀድሞ ለመወሰን አልተቻለም።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን በያዘ ጊዜ የንግዱ ሥርዓት ታወከ። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ ውሉ ራሱ የቀጠረው ቀን ደረሰ፤ ጋምቤላም ያለ ጦርና ያለ ክርክር ወደ ባለቤቷ ተመለሰች። ይሁን እንጂ የመኪና መንገድ ወደ ምዕራብ እየገፋ ስለ መጣ፣ ቡናው ክረምትን መጠበቅ ትቶ ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ መርከቡም እየሳሳ ሄዶ ቀረ።