የወንዝ ነፍሳት ስያሜ ታሪክ፤ ከዓሣ አጥማጁ ቃል እስከ ሳይንሱ ቃል

ሙያዊ ቃል የሚተረጉም ሰው የቃሉን ፍቺ ከማወቁ በፊት ቃሉን ማን ለምን ሥራ እንዳወጣው ሊመረምር ይገባዋል። አንድ ፍጥረት በሁለት ሙያ ሁለት ስም ሲያገኝ፣ ስሞቹ የሚከፍሉት ጽንሰ ሐሳብ አንድ ላይሆን ይችላልና። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር ትራውት ዓሣ አጥማጆች ለወንዝ ነፍሳት ያወጡአቸውን ስሞች ታሪክ በአጭሩ በመዳሰስ ይህንኑ ለማስረዳት ይሞክራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትራውት በብዛት የሚመገበው በወንዝ ውስጥ የሚያድጉ ነፍሳትን ነው። ስለዚህ አጥማጁ በመንጠቆው ላይ ላባ፣ ሱፍና ሐር አሥሮ የነፍሳቱን መልክ ያስመስላል፤ ለማስመሰልም የትኛው ነፍሳ መቼ ከውሃ እንደሚወጣ ማወቅ አለበት። በ1496 የታተመው የእንግሊዝኛ የዓሣ ማጥመድ ድርሳን 12 ሰው ሠራሽ ዝንቦችን በየወራቸው ይዘረዝራል። ስሞቹ ከዓይንና ከእጅ የመነጩ ናቸው፤ አንዱ «ዳልቻ ዝንብ» ሲባል ሌላው «የድንጋይ ዝንብ» ይባላል። በ1676 ቻርልስ ኮተን የአይዛክ ዋልተንን ዝነኛ መጽሐፍ በሁለተኛ ክፍል ሲያሟላ፣ ነፍሳቱ ከውሃ እንዴት እንደሚወጡ ጭምር ገለጸ።

የሳይንሱ ስያሜ የተነሣው በሌላ መንገድ ነው። ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ «ኢፌመራ» ያለውን ወገን፣ ከሌሎች የወንዝ ነፍሳት ጋር፣ ክንፈ ጅማት በሆኑት ክፍለ መደብ ውስጥ አኖረው። ኢፌመራ በግሪክኛ የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ክንፈ ጠጉሮቹ ትሪኮፕቴራ፣ ክንፈ እጥፎቹ ፕሌኮፕቴራ፣ ኢፌመራዎቹም ኢፌመሮፕቴራ ተብለው ተለያዩ። የሳይንሱ ሊቅ የለየው በአካል አሠራርና በዝምድና ነበር።

ሁለቱን መንገዶች ለማገናኘት ከፍተኛ ድካም ያደረገው አልፍሬድ ሮናልድስ ነው። በስታፎርድሺር በብላይዝ ወንዝ ዳር መስኮት ያላት ጎጆ ሠርቶ የዓሣውንና የነፍሳቱን ጠባይ ተከታተለ። በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ እውነተኛውን ነፍሳና ሰው ሠራሹን አምሳያ ጎን ለጎን በቀለም ሥሎ፣ ከአጥማጁ ስም አጠገብ የሳይንሱን ስም አስገባ። በእኛ ሙያ አነጋገር ይህ በሥዕል የተደገፈ የአቻ ቃላት መዝገብ ነው።

ሆኖም አቻ ማግኘት ሁልጊዜ የተቃና አልሆነም። የኢፌመሮፕቴራ ነፍሳ ከውሃው ወጥቶ ክንፍ ካበጀ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን ይገፋል፤ የሚበር ክንፍ ካገኘ በኋላ ቆዳውን የሚለውጥ ሌላ የነፍሳት ወገን የለም። አጥማጁ ደብዛዛ ክንፍ ያለውን የመጀመሪያውን ደረጃ «ዳልቻ»፣ ክንፈ ጥሩውን የመጨረሻውን ደረጃ ደግሞ «ፈታይ» ብሎ ለየ። እነዚህ ስሞች ዕድሜን እንጂ ዘርን አይገልጹም፤ አንዱ ዘር ሁለቱንም ስሞች በተራ ይይዛል። ጠበቃው ስኪውስ በ1910 መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህም በውሃ ውስጥ ያለው ክንፍ የለሽ ደረጃ በአጥማጆች ዘንድ ትኩረት አገኘ።

ስሞቹ ባሕር ሲሻገሩ ችግሩ ባሰ። የእንግሊዝ አጥማጅ «የመጋቢት ቡናማ» የሚለው ሪትሮጄና ጀርማኒካን ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰዎች ስሙን ይዘው ሄደው ለሌላ ዘር ሰጡት፤ ያም በአብዛኛው የሚወጣው በግንቦት ግድም ነው። ስሙን ብቻ ያየ ተርጓሚ በነፍሳውም በወሩም ይሳሳታል።

ከዚህ ታሪክ ለአማርኛ ምን እናተርፋለን? በመጀመሪያ፣ «ሜይፍላይ» የሚለውን ቃል «የግንቦት ዝንብ» ብሎ መመለስ አያዋጣም። ነፍሳው ዝንብ አይደለም፤ እውነተኛ ዝንብ ሁለት ክንፎች ሲኖሩት የዚህ ወገን አብዛኞቹ ዘሮች አራት አላቸው። የወሩም ስም የእንግሊዝ ወንዞችን ወቅት እንጂ የባሌን ወንዞች ወቅት አይናገርም። ሁለተኛ፣ ደረጃን በስም መለየት ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬው ክንፍ ያላወጣውን አንበጣ ኩብኩባ ይለዋል፤ በትንቢተ ኢዮኤል ምዕራፍ 1 ቁጥር 4 ያሉት ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባም ቋንቋው በዚህ ረገድ ያለውን ሀብት ያሳያሉ። ሰብሉን የሚያጠፋበትን ፍጥረት በየደረጃው የሰየመ ሕዝብ፣ በወንዙ ያለውንም ሊሰይም ይችላል።

ጉዳዩ የአጥማጆች መዝናኛ ብቻ አይደለም። ከኬንያ የመጣ ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች ይኖራል፤ ከዚህ ይበልጥ ግን ሦስቱ የነፍሳት ወገኖች ለውሃ ንጽሕና ምስክር ሆነው ይቆጠራሉ፤ ወንዙ ሲበከል ብዙዎቹ ቀድመው ይጠፋሉና። ስለ ወንዙ ጤና ለነዋሪው የሚነገረው ነገር በሚያውቀው ቃል ካልተነገረ ፍሬ አይኖረውም።

ስለሆነም ለክፍለ መደቦቹ ዓለም አቀፉ ስም በግእዝ ፊደል እንዲጻፍ፣ ለደረጃዎቹ ግን እንደ «ክንፈ ዳልቻ» እና «ክንፈ ጥሩ» ያሉ ገላጭ ቃላት ለውይይት እንዲቀርቡ ሐሳብ እናቀርባለን። ከዚያ በፊት ግን ወንዝ ዳር ያለው እረኛና አጥማጅ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ይጠየቅ። ሮናልድስም መዝገቡን የጀመረው ከወንዙ ዳር ነው።