ራስ ሲዞር፦ ከረዓድ ዓሳ እስከ ጆሮ ጀርባ ሽቦ



ባለፈው ረመዳን ነው። በሰፈራችን መስጂድ ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፉ አንድ አባት ከሱጁድ ሲነሱ ተንገዳገዱና ምሰሶ ይዘው ቆሙ። በማግስቱም እንደዚያው ሆኑ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ተፈለገላቸው። "ቤቱ ከነጣሪያው ይዞርብኛል" ይሉ ነበር። ከሰላት በኋላ ወሬው በዛ። አንዱ "ደም ግፊት ነው" አለ፣ ሌላው "ዓይን ነው" አለ፣ ሌላው ደግሞ "ጂን ነው" አለ። እኛም ብንሆን ቁርኣን ቀርተንላቸው ሸኘናቸው እንጂ "ሐኪም ይይዎት" ማለት ትዝ አላለንም። ይህን የምንናገረው ራሳችንን ለመውቀስ ነው።

ከዚያ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዞ መጣ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። "ኡስታዝ፣ ይሄን እዩትማ" አለን። በቪዲዮው አንድ የውጭ አገር ሰው ባለ 9 ቮልት ባትሪ በሽቦና በረጠበ ስፖንጅ አድርጎ ከጭንቅላቱ ጋር አያይዟል። ሚዛን ያስተካክላል፣ ለጥናትም አእምሮን ያነቃል ይላል። ልጁ ባትሪውን ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ይዞታል። "ለአባባ ልሥራላቸው? ከዚያ ለፈተና እኔም እሞክረዋለሁ" አለን።

መልስ አልነበረንም። "ቆይ፣ መጀመሪያ እናንብብ" አልነው። ያነበብነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

🔹 ነጎድጓዳሙ ዓሳ

ኤሌክትሪክን ወደ ጭንቅላት ማስጠጋት የዛሬ ሐሳብ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስክሪቦኒየስ ላርጉስ የተባለ የሮም ሐኪም፣ ለቆየ የራስ ምታት ሰውነት የሚያደነዝዝ የባሕር ዓሳ በሕይወቱ ሳለ በራስ ላይ ይደረግ ብሎ ጽፏል። ይህ ዓሳ በሰውነቱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነው። ያኔ ግን ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ማንም አያውቅም ነበር። ወሬው በግሪኩ ሐኪም በጋሊኖስ በኩል አልፎ በዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥም ገባ።

በዓባይ ወንዝም ተመሳሳይ ዓሳ አለ። ዐረቦች "ረዓድ" ይሉታል፤ ነጎድጓዳሙ እንደማለት ነው። በ1162 ባግዳድ የተወለደው ዐብዱለጢፍ አል‑ባግዳዲ ስለ ግብፅ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ዓሳ ገልጾታል። የነካው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይደነዝዛልም።

ይህ ዐሊም በሌላም ነገር ይታወሳል። በ1200 አካባቢ ግብፅ ላይ በወደቀው ረሃብ የሞቱ ሰዎችን አጽም በዓይኑ መረመረ። ጋሊኖስ የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር። አል‑ባግዳዲ ግን ከ2000 በላይ የራስ ቅሎችን አይቶ አንድ አጥንት ብቻ ነው አለ። የጋሊኖስን ትልቅነት ሳይክድ ዓይን ያየውን አስቀደመ። ይህን ነገር ያዙልን፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

🔹 ሽቦ በጆሮ

በ1800 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። ስለ ሥራው ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሲጽፍ በራሱ ላይ ያደረገውንም ሙከራ ነገራቸው። ሁለት የብረት ዘንጎችን በሁለት ጆሮዎቹ አስገብቶ ከባትሪው ጋር አገናኛቸው። ጭንቅላቱ ውስጥ ድንገተኛ ምት ተሰማው፤ ቀጥሎም ወፍራም ነገር ሲፈላ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ምቱ አእምሮውን እንዳይጎዳው ስለፈራ ሙከራውን መደጋገም አልፈለገም። ባትሪን የፈለሰፈው ሰው ራሱ ፈራ ማለት ነው!

በ1820 ቦሄሚያዊው ያን ፑርኪንዬ ስለ ራስ መዞር ባጠናው ጥናት፣ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሰውን እንደሚያዞረው ገለጸ። ለምን? እሱ ያሰበው አንጎል ተነክቶ ነው ብሎ ነበር። ጆሮን የጠረጠረ አልነበረም። ጆሮ መስሚያ ነው፣ አለቀ!

🔹 ጆሮ ሁለት ሥራ አለው

በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ፒየር ፍሉራንስ በርግቦች ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር። በውስጠኛው ጆሮ እንደ ግማሽ ቀለበት የታጠፉ ሦስት ትንንሽ ቱቦዎች አሉ። እነሱን ሲቆርጥ ርግቧ መስማቷን አላቆመችም። መብረርና ቀጥ ብሎ መቆም ግን አቃታት፤ ራሷም በተቆረጠው ቱቦ አቅጣጫ ይወዛወዝ ጀመር።

በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፕሮስፐር ሜኒየር የተባለ ሐኪም ተነሣ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በሚማሩበት ተቋም የሚሠራ ነበር። ድንገት ራሱ ዞሮበት፣ ጆሮው ጮኾበት የሚወድቅን ሰው ሐኪሞች "አንጎሉ ደም ሞላ" እያሉ ደም ያፈስሱት ነበር። ሜኒየር "በሽታው ከውስጠኛው ጆሮ ሊሆን ይችላል" አላቸው። ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ በቀጣዩ ዓመት ሞተ።

በ1871 በርሊናዊው ኤድዋርድ ሂትዚግ በሰዎች ራስ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ሰዎቹ ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብሉ፣ ዓይናቸውም ሳያዙት እንደሚንቀሳቀስ መዘገበ። ከ1873 እስከ 1875 ደግሞ ሦስት ሰዎች፣ ማህ በፕራግ፣ ብሮየር በቪየና፣ ክረም ብራውን በኤዲንብራ፣ ለየብቻቸው እየሠሩ አንድ ቦታ ተገናኙ። ቱቦዎቹ ውስጥ ፈሳሽ አለ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያ ግፊት ለነርቭ "ዞርን" ብሎ ይናገራል።

ማስረጃውን ካጠናከሩት አንዱ አሜሪካዊው ዊሊያም ጄምስ ነው። በ1882 ባወጣው ጽሑፍ፣ መስማትና መናገር ከተሳናቸው 519 ሰዎች መካከል 186ቱ በፍጥነት ሲሽከረከሩ ራሳቸው ፈጽሞ አልዞረባቸውም። ከሚሰሙት 200 ሰዎች ግን ያልዞረበት አንድ ብቻ ነበር። ጆሯቸው ውስጥ የሚዛኑ ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች መዞርም አይሰማቸውም ማለት ነው።

ሱብሓነላህ! የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል ቦታ፣ ሳናውቀው፣ ቀኑን ሙሉ አቁሞ የሚያስኬደን ነገር።

🔹 ታዲያ ኤሌክትሪኩ ምን ያደርጋል?

የሚዛን ነርቭ ዝም ብለን ስንቀመጥም ዝም አይልም። የቀኙም የግራውም ያለማቋረጥ መልእክት ይልካሉ። ራሳችንን ወደ ቀኝ ስናዞር የቀኙ ይፈጥናል፣ የግራው ይዘገያል። አንጎል ሁለቱን እያነጻጸረ "ወደዚህ ዞርኩ" ይላል።

ሐኪሞች ዛሬ ከሁለቱ ጆሮዎች ጀርባ 1 ሚሊአምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። የስልካችን ቻርጀር ከሚሰጠው አንድ ሺኛውን እንኳ አይሞላም። በኔጌቲቩ በኩል ያለው ነርቭ ይፈጥናል፣ በፖዘቲቩ በኩል ያለው ይዘገያል። አንጎልም "ወደ ኔጌቲቩ ልወድቅ ነው" ብሎ ይታለላል። ዓይኑን ጨፍኖ የቆመ ሰው ለማስተካከል ብሎ ወደ ፖዘቲቩ ጎን ያዘነብላል። ማንም ሳይገፋው!

ይህ ለምርመራ ይጠቅማል። ሰውየው ሊሰማው እንኳ የማይችል እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ደግሞ በላብራቶሪ ውስጥ የአንዳንድ ሰዎችን አቋም ሲያሻሽል ታይቷል። ተስፋ አለው፤ ነገር ግን ገና በጥናት ላይ ያለ ነው፣ ከሱቅ ገዝተን ቤት የምንሠራው አይደለም።

የልጁ ቪዲዮ የመጣው ከሌላ ቅርንጫፍ ነው። በ2000 ጀርመን ጎቲንገን ውስጥ ኒቼና ፓውሉስ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በራስ ቅል ላይ በሚሰጥ ደካማ ኤሌክትሪክ የአንጎልን ንቃት ለጊዜው ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በቤቱ መሣሪያ መሥራት ጀመረ። በ2016 የዘርፉ ተመራማሪዎች ራሳቸው ተሰብስበው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ኤሌክትሪኩ ካሰባችሁት ቦታ አልፎ ይሄዳል፣ አንዱን ችሎታ ሲጨምር ሌላውን ሊቀንስ ይችላል፣ ለውጡ ሊቆይ ይችላል፣ በአንዱ ላይ የሠራው በሌላው ላይ ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል አሉ። መቆጣጠሪያ የሌለው ባትሪ ደግሞ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

🔹 የአባባ ነገር

ይህን ካነበብን በኋላ ከልጁ ጋር ሆነን አባባን ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ጠየቃቸው፣ አልጋ ላይ አስተኝቶ ራሳቸውን ወደ ጎንና ወደ ታች አድርጎ ዓይናቸውን አየ። ከዚያ ራሳቸውን ቀስ እያደረገ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዞረው፣ ቀጥሎም አስነሣቸው። ባትሪም መርፌም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ የጠመኔ ዓይነት ትንንሽ ጠጠሮች አሉ። አንዳንዴ ከቦታቸው ወጥተው ቱቦው ውስጥ ይገባሉ። ያኔ ሰው ሲጎነበስ፣ ቀና ሲል ወይም አልጋ ላይ ሲገላበጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ዓለም ይሽከረከርበታል። ራስን በሥርዓት በማዞር ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው የመመለሱን ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ በ1992 አሳትሞታል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ባልደረቦቹ አላመኑትም ነበር።

ራስ ለማዞር ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሉም የጆሮ ጠጠር አይደለም። ከመዞሩ ጋር አንድ ጎን ከደከመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ለነገ አይባልም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ወንድሞችና እህቶች! የቀራንላቸው ቁርኣን አላስቆጨንም። የሚያስቆጨን ሳናይ መናገራችን ነው። አል‑ባግዳዲ በረሃብ ዘመን አጥንት ቆጥሮ ነው የተናገረው፤ እኛ ግን ከመስጂድ በር ሳንወጣ "ጂን ነው" የተባለባቸውን አባት ዝም ብለን ሸኘን። ልጁም ከሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ተነሥቶ የአያቱን ራስ ሊነካ ነበር። የእሱ ችኮላ ከፍቅር ነው፤ የእኛስ?

አባባ አልሐምዱሊላህ ወደ መጀመሪያው ሶፍ ተመልሰዋል። አሁንም ከሱጁድ ሲነሱ ቀስ ይላሉ። ባትሪው ደግሞ በመስጂዳችን ማይክሮፎን ውስጥ ነው።

አላህ ጤናና ማስተዋል ይስጠን። ወሏሁ አዕለም።