በሦስት እግር የሚኖሩ ውሾችና ድመቶች፦ ሕመማቸው እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይታከማል?

በመኪና በመገጨት፣ በአጥንት ካንሰር ወይም ሊድን በማይችል ቁስል ምክንያት አንድ እግራቸው የሚቆረጥ ውሾችና ድመቶች ብዙዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ይቆማሉ። አንዳንዶቹ በማግስቱ ይራመዳሉ፤ አብዛኞቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሱን አካሄድ ይለምዳሉ። ባለቤቶችን ከጎደለው እግር ይልቅ ሊያሳስባቸው የሚገባው ሳይታወቅ የሚቀረው ሕመምና እርሱን ለማስታገስ ተብሎ የሚሰጠው የተሳሳተ መድኃኒት ነው።

የሕመም ምልክቶች

የሚያመው እንስሳ ሁልጊዜ አይጮህም። በተለይ ድመቶች ሕመማቸውን ይደብቃሉ፦ ይሸሸጋሉ፣ ምግብ ይተዋሉ፣ ፀጉራቸውን ልሰው ማጽዳት ያቆማሉ። ውሾች ደግሞ ሳይሮጡ ያለከልካሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ሲነኩ ያጉረመርማሉ። እንስሳው በድንገት ጮኾ እግሩ የነበረበትን ቦታ ለመንከስ ከዞረ ሕመሙ ከነርቭ የመነጨ ሊሆን ይችላል።

በሕመም ላይ ያለ ውሻ የሚያውቀውን ሰው እንኳ ሊነክስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ በአፍሪካ ቀንድ አሁንም ሰው የሚገድል በመሆኑ ክትባቱ መሟላት አለበት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

የሰው መድኃኒት ለምን አይሰጥም?

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ መድኃኒቱን በሚገባ ማስወገድ ስለማይችል ቀይ የደም ሕዋሳቷ ኦክስጅን መሸከም ይሳናቸዋል። ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይለወጣል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ክኒን ብቻ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ።

የእንስሳት ሐኪሞች ለውሾች ካርፕሮፌን ወይም ሜሎክሲካም፣ ለድመቶች ደግሞ በእጅጉ ባነሰ መጠን ሜሎክሲካም ያዝዛሉ። ለነርቭ ሕመም ጋባፔንቲን ሊጨመር ይችላል። ነገር ግን ለሰው የተዘጋጀው ፈሳሽ ጋባፔንቲን ዛይሊቶል የተባለ፣ ለውሻ መርዛማ የሆነ ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል። ማስታወክ ወይም ጥቁር ዓይነ ምድር ከታየ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

እንክብካቤ በቤት ውስጥ

ስፌቱ እስኪወጣ፣ ማለትም ለ10 እስከ 14 ቀናት ያህል፣ እንስሳው እንዳይሮጥ፣ እንዳይዘልና ቁስሉን እንዳይልስ መጠበቅ አለበት። በሚያንሸራትት የሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ጥፍሩን ማሳጠር እንዲሁም ምግብና ውሃውን በቅርብ ማስቀመጥ ይረዳዋል። ከዳነ በኋላ ከአንድ ረጅም ጉዞ ይልቅ በቀን ጥቂት ጊዜ አጭር የእግር ጉዞ ይሻለዋል።

ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ስለዚህ የፊት እግሩን ያጣ ውሻ የበለጠ ይቸገራል። ውፍረት በቀሩት መገጣጠሚያዎች ላይ ጫና ስለሚጨምር ምግቡን መመጠን የሕክምናው አካል ነው። መገጣጠሚያዎቹ ከዓመታት በኋላም ሊታመሙ ስለሚችሉ እንስሳው በየጊዜው መመርመር ይኖርበታል።

እንስሳው የሰው መድኃኒት ከዋጠ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይገባም። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።