ዜና ደብረ ሊባኖስ፥ በ1929 ዓመተ ምሕረት የሆነው

በ1929 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘ ገና ዓመት ሳይሞላው፥ በአገራችን ላይ ክፉ ነገር ተደራረበ። በታኅሣሥ ወር ልዑል ራስ እምሩ ወደ ከፋ አገር ሲያልፉ በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ወር የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው ከገቡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ።

የካቲት 12 ቀን የኢጣልያ እንደራሴ ማርሻል ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ግቢ ምጽዋት ሲያስመጸውት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በዚህ ሰበብ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን የወረደውን የኢጣልያኖች ጭፍጨፋ ሁሉ ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

ከዚህም በኋላ ግራዚያኒ ሴረኞቹ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ተጠግተው ነበር የሚል ወሬ ሰምቶ ጄኔራል ማሌቲን ላከ። ማሌቲም መንደር እያቃጠለ መጣ። በዚያ ዘመቻ የተቃጠለውን ጎጆ 115,422 ነው ብሎ አስመዘገበ፤ ሰው የድኻ ጎጆ አቃጥሎ እስከ ሁለቱ ድረስ መቍጠሩ እንዴት ያለ ልብ ነው! የኤርትራ ክርስቲያን ወታደሮች ገዳም ለመድፈር እንዳያመነቱ ስለ ተፈራ፥ ከሌላ ቅኝ ግዛት የተመለመሉ እስላም ወታደሮች ተመረጡ። ይህም ሃይማኖትን በሃይማኖት ላይ የማስነሣት የኢጣልያ ተንኰል ነበረ።

ግንቦት 12 የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐጽም ነውና ሕዝቡ ለበዓሉ ይጐርፍ ነበር። ወታደሮቹ ገዳሙን ከበቡ፤ የሚገባውን አስገቡ፥ የሚወጣውን ግን ከለከሉ። በማግሥቱ፥ ዓርብ ግንቦት 13 ቀን፥ መነኰሳቱንና ምእመናኑን በካሚዮን እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ሜዳ ወሰዱ። በዚያ ባለው ወንዝ ዳር አሰልፈው፥ በራሳቸው ላይ የድንኳን ሸራ ጐትተው፥ በመትረየስ ፈጇቸው። ነፍሱ ያልወጣውንም በሽጉጥ ጨረሱት። ከአምስት ቀን በኋላ ለጊዜው የተረፉትን ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በእንገጫ ረሸኗቸው።

ግራዚያኒ ይህን አልሸሸገም። 297 መነኰሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፥ ኋላም 129 ዲያቆናት ተገድለዋል፤ ገዳሙም ተዘግቷል ብሎ ወደ ሮም በቴሌግራም አስታወቀ። ይህም ቢሆን ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከብዙ ዘመን በኋላ ምስክሮችን ጠይቀው ሙታኑን ከ1,423 እስከ 2,033 ገምተዋቸዋል። ከሞት ካመለጡት ብዙዎች ወደ ሶማሊያ፥ ወደ ደናኔ እስር ቤት ተጋዙ።

ማሌቲ ኅዳር 30 ቀን 1933 በግብፅ በረሃ፥ በኒቤይዋ ሰፈር፥ በእንግሊዝ ጦር ተገደለ። ኢትዮጵያ ግራዚያኒን በጦር ወንጀል ከሰሰች፤ ኢጣልያ ግን አሳልፋ አልሰጠችውም። የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት የፈረደበት ከጀርመን ጋር ስለ ማበሩ ነበር፤ ያንኑም ሳይጨርስ በዚያው ዓመት ተለቀቀ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። ስለ ደብረ ሊባኖስ ደም ግን እስከ ዛሬ በፍርድ ፊት የቆመ አንድ ሰው ስንኳ የለም።