የፉኩሺማ ውሃ የሄደበት መንገድ

ስሙኝማ፣ የአንድ ውሃ ጉዞ ላውጋችሁ። ዘመኑን የምቆጥርላችሁ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓን ተናወጠች። የፉኩሺማ ዳይቺ ኒውክሌር ጣቢያ የማዕበል መከላከያው 6 ሜትር አይሞላም፤ መናወጡ ያስነሳው ሱናሚ ግን 14 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መጣ። ጄኔሬተሮቹን ዋጣቸው፤ መብራት ጠፋ፤ ማቀዝቀዣው ቆመ፤ የሦስት ማብላያዎች ነዳጅ ቀለጠ።

የጋለውን ለማብረድ ውሃ ማፍሰስ ግድ ሆነ። ያ ውሃ ጨረር አመንጪ ሲዚየምና አዮዲን ተሸክሞ ምድር ቤት ተጠራቀመ። ኤፕሪል 2 ቀን ሠራተኞች ባሕሩ ጠርዝ ላይ አንድ የኮንክሪት ጉድጓድ ተሰንጥቆ አገኙ፤ የተበከለው ውሃ በዚያ እየተንፎለፎለ ፓሲፊክ ይገባል። ሲሚንቶ ሞሉበት፤ እምቢ አለ። ውሃ የሚመጥ ኬሚካል ከሰጋቱራና ከተቀዳደደ ጋዜጣ ጋር ጠቀጠቁበት፤ እምቢ አለ። ኤፕሪል 6 ቀን መሬት ውስጥ የሚጠጥር ኬሚካል ሰደው ገቱት። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ወዴት ሄደ? ኩሮሺዮ የተባለው የውቅያኖስ ጅረት ተቀብሎ ወደ ምሥራቅ ወሰደው። አሳዎች ቀደሙት፤ በዚያው ዓመት ኦገስት በአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ዳርቻ በተያዙ 15 ቱናዎች ሥጋ ውስጥ ሲዚየም 134 ተገኘ። ይህ ሲዚየም በየሁለት ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከድሮ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ሊተርፍ አይችልም፤ የመጣው ከፉኩሺማ ነው። ውሃው ራሱ በ2015 ካናዳ ዳርቻ ዩክሉሌት ታየ። መጠኑ ግን በሁለቱም ቦታ ሰው ከሚጎዳው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ውቅያኖሱ አቅጥኖታል።

ደጃፉ ላይ ግን አልቀጠነም። ሲዚየሙ ጭቃው ላይ ዘቀጠ፤ ከታች የሚኖሩ አሳዎች በሉት። በ2013 ጣቢያው ወደብ ውስጥ የተያዘ አንድ አሳ በኪሎ 740,000 ቤክሬል ሲዚየም ተለካበት፤ ጃፓን ለምግብ የምትፈቅደው 100 ነው። የፉኩሺማ ዓሣ አጥማጆች ከአደጋው ጀምሮ መረባቸውን ሰቅለው ነበር። በ2012 ለሙከራ ሲመለሱም በኦክቶፐስና በባሕር ቀንድ አውጣ ጀመሩ።

አሁን ልብ በሉ። በ2015 መንግሥትና የጣቢያው ባለቤት ኩባንያ ለእነዚህ አጥማጆች ያለ እናንተ መግባባት የተጠራቀመውን ውሃ አናስወግድም ብለው ቃል ገቡ። በ2023 ኦገስት ግን ተጣርቶም ትሪቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያልወጣለት ውሃ ተበርዞ መለቀቅ ጀመረ፤ የአጥማጆቹ ማኅበራት እየተቃወሙ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አሠራሩ ከደኅንነት መመዘኛ ጋር ይስማማል ብሏል። ይሁን። መለኪያው ስለ ውሃው ይናገራል፤ ለአጥማጁ የተገባውን ቃል ግን አይፈጽምለትም። በባሕር የሚኖር ሰው የባሕሩ ጉዳይ ሲወሰን ድምፁ ሊቆጠርለት ይገባል።